ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ገባች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ከተጋባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። ባለቤቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። እስካሁን ቀን ነበረች፤ አሁን የሌሊት ፈረቃ ደርሷታል። ማታ በሰርቪስ ትሄዳለች፤ ንጋት ላይ ዋናው አስፋልት ላይ ጥለዋት ይሄዳሉ። ከዚያ እስከ ቤት በእግሯ ነው። ደሴ ያለችው እናቴ ይህን ስትሰማ «ሴት ልጅ ሌሊት ከቤት እየወጣች ምን ትዳር አለ?» ብላ ተቆጣች። ጎረቤቱም ማሽሟጠጥ ጀምሯል። እሷ ደግሞ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሏት ከስታለች፤ ትነጫነጫለች። ምግብ አስጠልቷታል፤ እህቴ ቡና ስትቆላ ሽታውን አልችልም ብላ ወደ ውጭ ትወጣለች። ለሌሊቱ ብለው የሚጨምሩላትም ነገር የለም። ሥራውን ተይው ስላት አሻፈረኝ አለች። ለመሆኑ ሴት ልጅ ሌሊት መሥራት አለባት ይላሉ?
ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ እስቲ እናትህን በስንት ሰዓት እንደወለዱህ ጠይቃቸው። ለረጅም ዓመታት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ምጥ መንጋቱን ጠብቆ አይመጣም። በውድቅት ሌሊት ምራታቸውን ይዘው ከመጡት አማቶች መካከል «አንቺ ሴት ሆነሽ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ያለችኝ አንዲትም የለች። እጄን ይዘው ይመርቁኝ ነበር። ጠዋት ወደ ሰፈር ስመለስ ግን ወሬ ነበር። ለነርሷ ምርቃት፣ ለልብስ ሰፊዋ ሐሜት ከሆነ ነገሩ ከሌሊቱ አይደለም።

ዓለምም በአንድ ወቅት እንደ እናትህ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሴቶች በፋብሪካ ሌሊት እንዳይሠሩ የሚከለክል ስምምነት አወጣ። በ1990 ያወጣው ግን ወንዱንም ሴቷንም የሚመለከት ነው፤ ሌሊት የሚሠራ ሁሉ ጤናው ይጠበቅ ይላል። እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ሌሊት መሥራት የማንንም አካል ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚላቸው መካከል መድቦታል። ዘበኛውንም ሾፌሩንም ይነካል። ስለ ሾፌሩ ትዳር ግን ማንም አይጠይቅም።

እንግዲህ ትሥራ ካልን፣ ያንተ ድርሻ ብዙ ነው።

አስፋልቱ ላይ ጥለዋት ይሄዳሉ አልከኝ። አንተ በዚያ ሰዓት የት ነህ? ባትሪህን ይዘህ ውጣና ተቀበላት። በእናንተ ሰፈር የሚወርዱ ሌሎች ሴቶች ካሉ አብረው ይሂዱ። ሰርቪሱ ትንሽ ገባ ብሎ እንዲያወርዳቸው ደግሞ ተሰብስበው፣ የሠራተኛ ማኅበር ካላቸውም በማኅበራቸው በኩል፣ ይጠይቁ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጠይቅ «አመለኛ» ትባላለች፤ ስለዚህ ብቻዋን አትላካት።

እንቅልፉ የባሰ ነው። ደሴ ብትሆን ብርዱ ራሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ያስቀራት ነበር። ኮምቦልቻ ግን ቆርቆሮው ገና በረፋዱ ይግላል። በዚያ ላይ የእኛ የወሎ ቡና አለ። ረፋድ ላይ አንዷ ትጠራለች፣ ከምሳ በኋላ ሌላዋ። ካልሄድሽ ኮራች ትባያለሽ፤ ከሄድሽ ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠሽ ነው። እኔ ሌሊት አድሬ ስገባ ነጠላዬን በር እጀታው ላይ አስር ነበር። ነጠላው ካለ አትጥሩኝ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። እየቆየ ግን ልጆቹን «እስስ! ተኝታለች» እያሉ ዝም የሚያሰኙልኝ እነሱው ሆኑ። መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ አድርግላት፤ ብርሃን ካለ አካሏ ቀን መሆኑን ያውቃል፣ አይተኛም። ምሳውን አንተ ወይም እህትህ ሥሩ። ሌሊት ሠርታ ቀን ደግሞ ወጥ የምትሠራ ከሆነ፣ የከሳችው ከፋብሪካው ይልቅ ከእናንተ የተነሳ ነው።

ስለ ክፍያው ሰው ይምታታበታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን 1.75 እጥፍ ይከፈል ይላል። ይህ ለትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛ ፈረቃዋ ሌሊት ከሆነ ግን ጭማሪው የሚገኘው የሠራተኛ ማኅበሩ ከፋብሪካው ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ወይም በውሏ ነው። ውሏን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ከ8 ሰዓት በላይ እያቆዩዋት ከሆነ ያ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ትጠይቅ።

አሁን ወደ ደብዳቤህ መካከል ልመለስ። ምግብ አስጠላት፣ የቡና ሽታ አላስቀምጥ አላት አልከኝና እንደ ቀላል ነገር አልፈኸው ሄድክ። ወንድሜ፣ የወሎ ልጅ ቡና ሲሸታት የምትሸሸው በጤናዋ ነው? ጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ሆዱ መረበሹ ያለ ነው። እኔ ግን እጄ የለመደው ሌላ ነገር ነው። ወሯ መጥቶ እንደሆነ ጠይቃት። ካልመጣ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሽንት ምርመራ ታድርግ፤ ወዲያው ይታወቃል።

እርጉዝ ከሆነች የሌሊቱ ጉዳይ እዚያው ያበቃል። ያው አዋጅ አንቀጽ 87 ላይ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት፣ ትርፍ ሰዓትም ማዘዝ ይከለክላል። የሐኪም ወረቀቷን ለሰው ኃይል ክፍል ትስጥ፣ ኮፒውን እቤት ታስቀምጥ። ለእርግዝና ክትትል የምትሄድበት ቀን ደመወዝ አይቆረጥባትም፤ የሐኪም ማስረጃ ታቅርብ እንጂ። ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ስላረገዘች ብለው ሊያሰናብቷትም አይችሉም። ስለዚህ አደራ፣ ተናደህ «ተይው» እያልክ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስጽፋት፤ በገዛ እጇ ከለቀቀች ይህ ሁሉ ይቀርባታል።

ውጤቱ እንደምጠረጥረው ከሆነ ደግሞ፣ ለእናትህ አንተ ቀድመህ እንዳትደውል። የምሥራቹን እሷ ትንገራቸው።