የልብ ሕመም ያለበትን ልጅ ስለማሳደግ፦ ለጠየቃችሁኝ እናቶችና አባቶች

ልጄ ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ የሰማሁት በ4 ወሯ ነው። አሁን 7 ዓመቷ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን አልፋለች። ሐኪም አይደለሁም። ግን ዓመታት በመድኃኒት፣ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እና በቀጠሮ ስላለፉ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

«የ3 ወር ልጄ ጡት ስትጠባ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ሳትጠግብ ታንቀላፋለች። ጎረቤት ሙቀት ነው ይለኛል።»

እህቴ፣ ሙቀት ነው ብለሽ አትተዪው፣ ቶሎ አስመርምሪያት። ልብ ሲደክም ለሕፃን መጥባት እዚህ ጎንደር ከአንገረብ ወደ ፒያሳ ሽቅብ እንደመውጣት ነው። የኔም እንደዚያ ነበረች። ቀና አድርጌ ይዤ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየ2 ሰዓቱ አጠባት ነበር፤ ሌሊትም ጭምር። አንድ ነገር ልምከርሽ፦ ስትተኛ ልብሷን ገለጥ አድርገሽ ትንፋሿን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ነገን አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ውሰጃት። ኪሎዋንም ተከታተዪ። ከከሳች ወይም ባለችበት ከቆመች ለሐኪሟ ንገሪያት።

«ላሲክስ (የሚያሸናውን መድኃኒት) አንድ ጊዜ ረሳሁ። በሚቀጥለው ደርቤ ልስጠው?»

አትደርብ፣ ወንድሜ። እኔ አንዴ ደርቤ ሰጥቼ፣ ልጄ ዝልፍልፍ ስትልብኝ ተሸክሜያት ሮጥኩ፤ ያን ቀን አልረሳውም። ያስታወስከው ወዲያው ከሆነ ስጠው፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ግን ዝለለው። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነማ በተለይ ተጠንቀቅ፤ ቢያስመልሰው እንኳ ሳትጠይቅ ደግመህ አትስጠው። መጠኑን በማንኪያ አትገምት፣ በሲሪንጅ ለካ። ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፤ እናቱም አክስቱም እንዲያዩት።

«የልጅ ልጄን ጸበል ልወስደው ነው። መድኃኒቱን ላቋርጥ? ደግሞ እንጥሉ ይቆረጥ ይላሉ።»

እማማ፣ ጸበሉን ይውሰዱት፣ እኔም ወስጃለሁ። መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። ጸበሉ የሚፈውሰው ሽሮፑ ሲቆም ነው ያለኝ ካህን የለም፤ እኔ የጠየቅኋቸው አባት «ሁለቱንም» ነው ያሉኝ። እንጥሉን ግን በፍጹም፣ እባክዎ! ባልጸዳ ምላጭ የሚገባ ጀርም በደም አድርጎ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የጥርስ ንጽሕናም የሚያሳስበው ለዚሁ ነው፤ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የልብ ሕመም እንዳለበት ይናገሩ።

«ሲያለቅስ ከንፈሩና ምላሱ ይጠቁራል። ልቤ ሊቆም ነው።»

አይዞሽ። እንዲህ የሚጠቁሩ የልብ ሕመምተኛ ልጆች ራሳቸው እንኳ ሲደክማቸው ቁጢጥ ይላሉ፤ ቁጢጥ ሲሉ ደሙ ወደ ሳንባ በተሻለ ይሄዳል። አንቺም ሲጠቁር ጉልበቶቹን አጥፈሽ ደረቱ ላይ አስጠጊያቸው፣ እቅፍሽ ውስጥ አድርጊው፣ ቀስ ብለሽ አባብዪው። ድምፅሽ ዝግ ይበል። ጩኸትሽ እሱን ያስደነግጠዋል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ይብስበታል። እንደዚያ እያደረግሽ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ በራሱ ቢቀልለውም ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትቅሪ። ውኃም አይጓደልበት፤ ተቅማጥና ትውከት ለእነዚህ ልጆች ቀላል አይደሉም።

«ነፍሰ ጡር ሆኜ ምን አጥፍቼ ነው? አማቴ እኔን ትወቅሳለች።»

ምንም አላጠፋሽም። ከ100 ሕፃናት 1 ገደማው የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እንኳ አይገኝም። እኔም ቡና አብዝቼ ነው፣ ከባድ አንስቼ ነው እያልኩ 1 ዓመት ራሴን በላሁ። ልጄን ግን አልጠቀማትም። አማትሽን ለቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙት ይለያል።

«የ9 ዓመት ልጄ በቶንሲል የመጣ የልብ ሕመም አለበት። አሁን ደህና ነው፣ በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ ላቁም?»

አታቁም። ፔኒሲሊኑ አዲስ ቶንሲል መጥቶ ቫልቩን (የልቡን በር) እንደገና እንዳይጎዳው ነው የሚሰጠው። ደህና የሆነውም በመርፌው ነው። ልብ የተጎዳባቸው ልጆች ቢያንስ 10 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመታቸው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይወስዳሉ፤ ቫልቩ በጣም ከተጎዳ ከዚያም ያልፋል። ያማል፣ አውቃለሁ። ቀኑን ስልክህ ላይ መዝግብ፣ ከመርፌው በኋላ የሚወደውን ነገር ግዛለት።

«ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተጻፈልን። ከየት እንጀምር?»

በጥቁር አንበሳ ግቢ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የሕፃናት የልብ ማዕከል አለ። ቀዶ ሕክምናው በነጻ ነው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ስለዚህ የኢኮውን ውጤት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፣ የሁለት ሰው ስልክ አስመዝግቡ፣ ቁጥር ከቀየራችሁ ወዲያው አሳውቁ። ከጎንደር መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መድኃኒቱን በሻንጣ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙት። እዚህ ያለውን ክትትልም ወረፋ ስትጠብቁ አታቋርጡ።

«ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ ብወስዳትስ? ደግሞ መሮጥ ይፈቀድላታል?»

ውሰጃት እቴ! ማለዳው ግን ብርድ ነው፣ ሰዉም ይጋፋል። አረፋፍዳችሁ ሂዱ፣ ዳር ያዙ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ አትግባ፤ ርጭቱ ይበቃታል። ሩጫውን ሐኪሟን ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ልጆች ሲደክማቸው ራሳቸው ያርፋሉ። የኔዋ ዘንድሮ ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ውላ፣ ነጭ ቀሚሷን አጨቅይታ ነው የተመለሰችው።