ስለ ወል ግጦሽ መሬት ላቀረብሽው ጥያቄ፦ ከመከለላችሁ በፊት የመክፈቻውን ቀን ቁረጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአንጎለላና ጠራ ወረዳ 60 ሄክታር የሚሆን የወል ግጦሽ መሬት እንዲያገግም ከግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከምርምር ማዕከልና ከአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሥራ ልትጀምሩ ነው። ከብት አርቢዎቹ ግን «ከልላችሁ ለባለሀብት ልትሰጡብን ነው» ብለው ስብሰባውን ጥለው ወጡ። ድርጅቱ የሽቦ አጥር ሊገዛ ተዘጋጅቷል፤ አንቺም «ከየት ልጀምር?» ብለሻል። በመንዝና በጣርማበር በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ከመክፈቻው ቀን ጀምሪ። ስለ ዘር፣ ስለ እርከን፣ ስለ አጥር ከመነጋገራችሁ በፊት መሬቱ በየትኛው ወር፣ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈትና ያን ዕለት እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ሸክም ሣር እንደሚያነሣ ይታወቅ። ይህ ካልተቆረጠ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። መሬቱ እንደተራቆተ ከእኔና ከአንቺ በላይ የሚያውቁት አርቢዎቹ ናቸው፤ በየበጋው በላማቸው ጎድን ላይ ያዩታል። የሚያስፈራቸው መቼ እንደሚያበቃ ያልተነገራቸው መዘጋት ነው።

ሣር ከልሎ ማሳደር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ ጓሳን አስቢ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ያ ደጋ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የወል ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የገራ ተወላጆች በአጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባቶቻቸው በወረሱት የመሬት መብት፣ ባለመብቶች ነበሩ። እንደ ሣሩ ሁኔታ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ በበጋ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ጓሳ የሚባለው ሣር ይታጨዳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቀሮ የቆመበት የርስት መሠረት ፈረሰ፤ ሥርዓቱም አብሮ ተናጋ። ሰዉ ግን ኋላ ላይ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጓሳውን መጠበቁን ቀጠለ። አዛውንቶችን «ሰው እንዴት ታገሠ?» ብዬ ስጠይቅ ስለ ቅጣቱ ከነገሩኝ ይልቅ ስለ መክፈቻው ዕለት የነገሩኝ ይበልጣል፤ ማን ማጭዱን መቼ እንደሳለ፣ ማን ከማን ጋር እንደወጣ፣ ስንት ሸክም እንደወረደ።

እኔ ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ድርጅት ገንዘብ ይዞ መጣና ከቀበሌ ሊቀ መንበሩ ጋር ሆነን አንድ ተዳፋት ከለልን። «ለሦስት ዓመት» አልን እንጂ ቀን አልቆረጥንም። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ እኔም በሪፖርቱ ላይ «ውጤታማ» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ዓመት በልግ ቀረ። ሰዉ በየሳምንቱ «መቼ ነው የምትከፍቱት?» ይለኛል፤ እኔ «መመሪያ እየጠበቅን ነው» እላለሁ። በዚህ መካከል የድርጅቱ ፕሮጀክት አልቆ የጥበቃው ደመወዝ ተቋረጠ። በሚያዝያ ከብቱ ሌሊት ሌሊት መግባት ጀመረ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተዳፋቱ አቧራ ሆነ። በመጨረሻ ከገቡት መካከል የጥበቃው የራሱ ሁለት ላሞች ነበሩ። አልፈረድኩበትም። ከአንድ ዓመት በላይ በብርድና በዝናብ የጠበቀውን ሣር ሌላው ሲበላው ቆሞ ያይ ዘንድ ልጠይቀው አልችልም ነበር።

ስለዚህ 60ውን ሄክታር በአንድ ጊዜ አትከልሉ። ሲሶውን፣ 20 ሄክታር ያህል፣ ያዙ። ሌላው ክፍት ይሁን፤ ከብቱ የሚቆምበት ሳይኖረው መከልከል ጠብ መጥራት ነው።

ድርሻውን ለመቁረጥ ግምት አይበቃም። በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከእንጨት አሠሪ። አርቢዎቹ ራሳቸው በተለያየ ቦታ ቢያንስ አሥር ጊዜ ይጣሉት፤ ውስጡ ያለው ሣር ታጭዶ በደንብ ይድረቅና ይመዘን። አማካዩ በግራም ስንት እንደሆነ በ40 ስታባዢ የአንድ ሄክታር ምርት በኪሎ ግራም ይወጣል። 50 ግራም ከሆነ 2,000 ኪሎ ነው። ለ20 ሄክታር 40,000 ይሆናል፤ ግማሹ ለመሬቱ ይቅር፣ ሥሩ የሚበረታውና አፈሩ የሚሸፈነው በሚቀረው ነውና። የቀረው 20,000 ኪሎ በ20 ኪሎ ሸክም ሲከፈል 1,000 ሸክም ነው። 130 አባወራና እማወራ ካላችሁ ለእያንዳንዱ 7 ሸክም ይደርሳል፤ 90 ሸክም ይተርፋል። የጥበቃውን ክፍያ ከዚህ ከተረፈው አድርጉት። ማጨድ ለማይችሉ አረጋውያንም ከእርሱ ይታጨድላቸው። ሣሩ ሲያድግ ድርሻው የሚያድግለት ጥበቃ የፕሮጀክት ማብቃት አያሰናብተውም።

ለሰዉ ስታስረጂ እውነቱን ንገሪ። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 7 ሸክም አንድ በሬ ለሦስት ሳምንት ቢያቆይ ነው። ዓመቱን አይዘልቅም። ግን በየካቲት፣ በሬው ለበልግ እርሻ ጉልበት በሚያስፈልገው ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። እኔ ይህን ስናገር አንድ አባት ከተቀመጡበት ተነሥተው «ታዲያ ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገራችሁንም?» አሉኝ። ስብሰባው የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ድንበሩን ስትለዩ ደግሞ እረኞቹ አብረው ይሂዱ። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹና ባለሙያዎቹ ሆነን በድንጋይ ምልክት እያደረግን ስንጨርስ፣ ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በጎቹን ትቶ መጣና «ታዲያ ከብቱ በየት ወርዶ ይጠጣ?» አለ። ምንጩ ከከለልነው መሬት በታች ነበር፤ መንገዱን ዘግተነው ነበር። 10 ሜትር ስፋት ያለው የከብት መተላለፊያ ትተን ድንጋዮቹን እንደገና ተከልን። ያ ልጅ ባይናገር ኖሮ ክልሉ እስከ ታኅሣሥ የሚቆይ አይመስለኝም። ከጎረቤት ቀበሌ የሚመጣውን ከብት፣ የማን እንደሆነና በየት እንደሚገባ የሚያውቁትም እረኞች ናቸው። የጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌዎች ሳይስማሙ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ እዚያ ማዶ ላለው ሰው ምኑም አይደለም። የወል ይዞታ ደብተሩም በእጃችሁ ይሁን፤ «ለባለሀብት ይሰጣል» የሚለውን ሥጋት የሚያረግበው ወሰኑ ተለክቶ በኅብረተሰቡ ስም የተመዘገበ መሬት ነው።

ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስበሽ አነጋግሪ። እኛ በከለልነው መሬት ኮሚቴው «ከብት የማይበላው ነው» ብሎ አክርማ የሚባለውን ሣር ሊነቅል ወስኖ ነበር። ከብት እንደማይወደው እውነት ነው፤ ሲበዛም መሬቱ ከመጠን በላይ እንደተጋጠ ይናገራል። ነገር ግን ለስፌት የሚሆነው አክርማ ነው፤ የሰፌድና የመሶብ ገበያ የሴቶቹ እጅ ገንዘብ ነው። በአንድ ጥግ ያለው አክርማ ለእነርሱ ተለየ፤ ሌላው ቀስ በቀስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በክልሉ ውስጥ በግ ሲገባ ቀድመው የሚጮኹት እነርሱ ሆኑ። ኩበት ለቀማውንም አትርሺ፤ ከብት በማይገባበት መሬት ኩበት አይገኝም። ማገዶ ከየት እንደሚመጣ ሳትጠይቂ አትለፊ።

አጋሮቹን በተመለከተ፣ ሁሉም በየራሱ ቀን መቁጠሪያ ይመጣል። ጽሕፈት ቤቱ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት የሄክታር ቁጥር ይፈልጋል። ድርጅቱ በየሩብ ዓመቱ ፎቶግራፍ ይፈልጋል። ተመራማሪው ሳይታጨድ የሚቆይ መደብ ይፈልጋል። ሦስቱም ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሣሩ ግን ዘሩን የሚያራግፈው ከክረምት በኋላ ነው። እኔ አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ መጀመሪያ የገበሬውን ዓመት ጻፍኩበት፦ የበልግ እርሻ፣ የክረምት ዘር፣ የገብስ አጨዳ፣ ውቂያ፣ ጾሙና በዓሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አጋር ሥራውን በዚያ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። ሁለት ድርጅቶች ለአንድ ሳምንት አራት ስብሰባ እንደጠሩ ያን ቀን ታየ። ስብሰባ በገበያ ቀን አትጥሪ። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም በሚውልበት ቀን ሰው እርሻ አይወጣምና ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐውድ ብትናገሪ ይሰማሻል።

አጨዳው መቼ ይሁን በሚለው ላይ ከአርቢዎቹና ከተመራማሪው ጋር በደንብ ተከራከሩ። ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ምግብነቱ ይበልጣል፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከቆየ ጭድ ይሆናል። ሁሉም ቀድሞ ከታጨደ ግን ዘር አይወድቅም፣ የተራቆተውም አይሸፈንም። እኛ ሁለት እጁን በጥቅምት አጭደን አንድ እጁን ዘሩን እስኪጥል ተውነው፤ በየዓመቱ የሚተወውን ቦታ አፈራረቅን። ጋጃ የሚባለው ሣር የተመለሰው በዚህ ነው። በሁለተኛው ክረምት ከረግረጉ ዳር ማገጥ የሚባለው ለከብት የሚስማማ የመስክ ተክል ወጣ። ማንም አልዘራውም፣ አፈሩ ውስጥ ነበር። አበባውን አይቼ የተደሰትኩትን ደስታ አልረሳውም። በናንተ ወረዳ ረግረግ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ረግረግ ላይ የሚግጥ በግ በጉበት ትል እንደሚያዝ አርቢው ያውቀዋልና ሣሩ ታጭዶ ደርቆ ቢበላ እንደሚሻል ለማስረዳት አይከብድሽም።

ድርጅቱ «ችግኝ እንትከል» ካለ በትሕትና እምቢ በዪ። ሣር ምድር ዛፍ ስለሌለው ተራቆተ ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ጥላውም ሥሩም ለሣር አይመችም። ዛፍ የሚያስፈልገው በየጓሮው ነው፤ ለማገዶውም እዚያ ይረዳል። ቦረቦሩ ላይ የድንጋይ ክትር ይሠራ፤ ስለ እርከኑ ጽሕፈት ቤቱ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

በደንቡ ውስጥ ሳይጻፍ እንዳይቀር የምለምንሽ አንድ አንቀጽ አለ፦ በልግ ሲቀር ምን ይሆናል? ለየትኛው ከብት፣ ለስንት ሳምንት፣ በማን ውሳኔ ይከፈታል? በእኛ ዘንድ ለእርሻ በሬና ለምትታለብ ላም ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ ተብሎ ተጻፈ። አንድ ዓመት ደረሰብንና ተከፈተ፤ በ15ኛው ቀን ተዘጋ፤ ማንም አልጣሰውም።

ስለ ሽቦው ጠይቀሻል። አትግዙት። ሽቦ የሚቆመው ሰው ሲፈቅድለት ነው፤ ሰው ከፈቀደ ደግሞ ድንጋዩ ይበቃል። ያ ገንዘብ ለአጃና ቬች ለሚባለው የመኖ ተክል ዘር ይዋል፤ በየጓሮው በትንሽ ቦታ ተደባልቆ ቢዘራ ክልሉ በተዘጋባቸው ወራት የከብቱን አፍ ይይዛል። ከተረፈ ሚዛንና ማጭድ ግዙበት። ሚዛኑ በቀበሌው ሳይሆን በእድሩ ቤት ይቀመጥ፤ መክፈቻው ሲደርስ ማንም ሄዶ ሸክሙን ማስመዘን ይችል ዘንድ።