ለኮምቦልቻው መምህር፦ ሌንስ ከመግዛትህ በፊት ቀለሙን ጨርስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ ነው ያየሁት። ኮምቦልቻ ትምህርት ቤታችሁ አዳራሽ ውስጥ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ጉልላት ሠርታችሁ ለተማሪ ሰማይ ልታሳዩ ነው። እጃችሁ ላይ 3,500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል አንድ ፕሮጀክተር አለ። «የዓሣ ዓይን ሌንስ እንግዛ ወይስ ሁለተኛ ፕሮጀክተር እንጨምር?» ነው ያልከው። የዓሣ ዓይን የሚባለው ሥዕሉን ክብ አድርጎ በመላው ጉልላት ላይ የሚዘረጋው ሌንስ ነው። የመለሱልህንም አነበብኩ። አንዱ 10 ሺህ ሉመን ግዛ ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ ሂድና ባለሙያ አምጣ ይላል። እኔ ባለሙያ ሳይመጣ እዚሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሠርቼ ያስረከብኩት ስላለ ልንገርህ። አብሽር፣ ባለህ ዕቃ ይሆናል።

1. ሁለተኛውን ፕሮጀክተር እርሳው። ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ማጋጠም ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ላይ ብርሃኑን በሶፍትዌር ማሳሳት ይቻላል። ጥቁሩን ግን ማሳሳት አይቻልም። ፕሮጀክተር ጥቁር አሳይ ስትለውም ትንሽ ብርሃን ያፈሳል። የሁለቱ ፍሳሽ ሲደራረብ የሌሊቱ ሰማይ መሃል ላይ ግራጫ ቀበቶ ይወጣል። በዚያ ላይ የአንዱ አምፖል ቀድሞ ይደክምና የሰማዩ ግማሽ ቀለሙን ይቀይርብሃል። ትልልቆቹ ፕላኔታሪየሞች፣ ማለትም የሰማይ ማሳያ አዳራሾች፣ ብዙ ፕሮጀክተር አጋጥመው ይሠራሉ፤ ግን ካሜራ እያየ የሚያርምላቸው ሥርዓት፣ ቁጭ ብሎ የሚከታተል ባለሙያም አላቸው። አንተ ያለህ የስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ነው።

2. የዓሣ ዓይን ሌንሱም ይቅርብህ። መጥፎ ሆኖ አይደለም። ደህና የሆነው ዋጋው ፕሮጀክተርህን ያስንቃል። ሌላው ደግሞ፣ ፕሮጀክተርህ 1920 በ1080 ነጥብ (ፒክሰል) ከሆነ ሙሉው ክብ ሥዕል 1080ው ውስጥ መግባት አለበት። አስላው፤ ከነጥቦቹ 44 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የምትጠቀመው። የቀረው ጥቁር ሆኖ ይባክናል። የጉልላትህ ውስጠኛ ገጽ 39 ካሬ ሜትር ነው። ክፍል ውስጥ 3 ካሬ ግድግዳ ላይ ስታበራው የለመድከው ብርሃን እዚህ ላይ በ13 ይካፈላል፣ ያውም ከግማሽ በላዩን ከጣልክ በኋላ። ይባስ ብሎ ሌንሱ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት። ተማሪዎቹን የት ልታደርጋቸው ነው?

መስታወት ተጠቀም። አውስትራሊያ ውስጥ ፖል ቦርክ የሚባል ሰው ያስፋፋው ዘዴ ነው። ኮንቬክስ መስታወት፣ ያ ወደ ውጭ ያበጠው፣ ሱቅ ጥግ ላይ ሌባ ለመጠበቅ የሚሰቀለው ዓይነት፣ ጉልላቱ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ፕሮጀክተሩ አጠገቡ ሆኖ ወደ መስታወቱ ያበራል፣ መስታወቱ ብርሃኑን በመላው ጉልላት ላይ ይበትነዋል። ሥዕሉ እንዳይጣመም ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ በተቃራኒው ያጣምመዋል። መሃሉ ለልጆቹ ነፃ ይሆናል፣ ከፕሮጀክተሩ ነጥብም የሚባክነው ያንሳል።

መስታወቱ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ሱቅ ውስጥ ያለው መስታወት የሚያንጸባርቀው የብር ሽፋኑ ከኋላ የተቀባ ነው። ብርሃኑ ከፊት ካለው ፕላስቲክም ከኋላ ካለው ብርም ይመለሳል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ኮከብ አጠገቡ የደበዘዘ መንታ ይኖረዋል። ለሙከራ ይበቃል። ለዘለቄታው የብር ሽፋኑ ፊቱ ላይ የሆነ መስታወት ፈልግ። እሱን ደግሞ በሶፍት እንዳትወለውለው፣ ወዲያው ይጫራል። አቧራውን በአየር ብቻ እፍ አድርገው።

3. ቀለም። እዚህ ላይ ታገሠኝ፣ ብሶት አለብኝ።

የኛን ጉልላት ያሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ፌሮ አጠፍን፣ ወንፊት ሽቦ አለበስን፣ ጅብሰም ለሰንን። ለሳኙ የመስጊድ ጉልላት ሲሠራ ዕድሜውን የፈጀ አባት ነው። መሃል ላይ በጉልላቱ ጠርዝ ከፍታ ልክ ቋሚ እንጨት ተከለ። ጫፉ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ዘንግ በሽቦ አሰረ። ከዚያ ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ጎን እያዞረ፣ የነካውን ይፍቃል፣ ያልደረሰበትን ይሞላል። ሌዘር የለ፣ ምን የለ። ሲጨርስ መዳፌን ከታች እስከምደርስበት ድረስ ሳስኬደው አንድ እብጠት አጣሁ። በሸራ እንዘርጋው ያሉኝ ነበሩ። ሸራ በፌሮ መሃል ሲወጠር ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው፣ ኮከቦቹ በየስፌቱ ይሰበራሉ።

ስቱኮው ደረቀ። የቀለም መጠየቂያ ላይ «የማያብረቀርቅ ግራጫ ፕላስቲክ ቀለም» ብዬ ጻፍኩ። ግዥ ክፍል ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ግራጫ የካዝና ቀለም ነው» አለ። «ስክሪን ነጭ ነው። ለምርቃት እንግዳ ይመጣል።»

ላስረዳው ሞከርኩ። «ለእንዲህ ያለ አዲስ ነገር መመሪያ የለንም» አለኝ። አዲስ እንኳ አይደለም፣ ጀርመኖቹ የዛይስ ኩባንያን ፕላኔታሪየም ሙኒክ ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፣ መቶ ዓመት አለፈው አልኩት። «እሱ ጀርመን ነው» አለኝና ስልክ አነሳ። ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት አቆዩኝ። ከምሳ በኋላ «ነገ ና»። ነገ ስሄድ አብረቅራቂ ነጭ የዘይት ቀለም ተገዝቶ፣ ቀቢው ግማሹን ጨርሶ አገኘሁት።

ማታ አበራነው። የደሴ ጉም በር ከፍቶ ጉልላቱ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ሰማዩ አመድ፣ ኮከቦቹ እንደነገሩ። የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ደግሞ የመስታወቱ ብርሃን አናት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሠርቷል። በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። «በተሳሳተ ስፔስፊኬሽን ምክንያት አቅም የሌለው ፕሮጀክተር...» እያለ ይቀጥላል። ጥፋቱ የኔ ሆነ ማለት ነው። ትልቅ ፕሮጀክተር ሊገዙ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ጀምረው ነበር።

ሁሉንም ጠራኋቸው፣ ኃላፊውንም ጭምር። የጉልላቱን ግማሽ ሙሉ ነጭ፣ ግማሹን ሙሉ ጥቁር የሆነ ሥዕል አበራሁ። ጥቁሩ በኩል ሄጄ ቆምኩ፣ ለነጩ ጀርባዬን ሰጠሁ፣ ያንን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ከቁጥሩ ጀምሮ «ግልባጭ» እስከሚለው ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ጨለማ መሆን ባለበት ግማሽ ቆሜ። ፕሮጀክተሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ በምን ብርሃን ነው የማነበው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን ራሱን አያይም። ጉልላት ግን ራሱን ያያል። ከግማሽ ኳስ ግድግዳ ከሚነሳው ብርሃን ግማሹ ተመልሶ እዚያው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ግማሽ ነው ወደ ወለል የሚወርደው። በነጭ ቀለም ያ የተመለሰው ብርሃን ሁሉ ጥቁሩን ያጥበዋል። ግራጫ ስትቀባ ሥዕሉ ቀለሙን አንዴ ይነካና ወደ ዓይንህ ይመጣል። ብርሃኑን ግማሽ የሚውጥ ግራጫ ከሆነ ሥዕሉ በግማሽ ቀነሰ። የሚረብሸው ብርሃን ግን ዓይንህ ጋ እስኪደርስ ሁለቴ ነው የሚነካው፣ ስለዚህ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሥዕሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጥቁሩ ግን ጥቁር ይሆናል። ዓይን ጨለማ ስለሚለምድ ድብዘዛውን ይረሳዋል። የታጠበ ጥቁርን ግን አይረሳም። ትልቅ ፕሮጀክተር ቢገዙ የሚረብሸውም ብርሃን አብሮ ነው የሚያድገው። የዚያን ሁሉ ገንዘብ!

እናም ዘይት ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ። ካልፋቅከው ፕላስቲክ ቀለሙ ላዩ ላይ አይዝም፣ እንደ ቆዳ ይላጣል። ጉልላት ሥር አንገትን ወደ ላይ አድርጎ መፋቅ ምን እንደሚመስል ለጠላትህም አትመኝ። ግራጫውን ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ላይ ጥቁር በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን ራሳችን በጠበጥነው። ደረጃው የተለያየ ግራጫ ካርቶን ላይ ቀብተህ፣ ጉልላቱ ውስጥ ሰቅለህ፣ ማታ እያበራህ ምረጥ። ቀን ላይ በፀሐይ አትምረጥ። ሲደርቅ እንደሚጠቁርም አትርሳ።

ምርቃቱ ደመቀ። ያ የግዥ ሰውዬ ለእንግዶቹ «ግራጫ የሆነበት ምክንያት» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። እያንዳንዷ ቃል የኔ ነበረች። ይሁን።

ቁጥሩ ተረሳ፣ ዝም ብዬ ልቀጥል።

ወለሉ ላይ ጥቁር ምንጣፍ አንጥፍ። ነጭ ሴራሚክ ከሆነ ግራጫ የቀባኸው በከንቱ ነው። የኛ ልጆች አርብ ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው የመጡ ዕለት ሰማዩ ሲገረጣ አይቻለሁ፤ ነጠላውም ስክሪን ነው እኮ።

ፕሮጀክተርህ ላይ የተጻፈው 3,500 «አንሲ ሉመን» (ANSI፣ በታወቀ ደረጃ የተለካ ማለት ነው) መሆኑን እይ። አንሲ የማይል የርካሽ ኤልኢዲ ቁጥር ከሆነ አትመነው። «1080ፒ ይደግፋል» ማለትና ነጥቡ ራሱ 1080 መሆንም የተለያየ ነገር ነው።

አሁን ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። ሜኑው ውስጥ ገብተህ «ሃይ አልቲትዩድ ሞድ» (የከፍታ ቦታ ቅንብር) የሚለውን አብራው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጎን ቁልቁል ወርደህ ስትገባ ስለሚሞቅህ ቆላ ትመስልሃለች እንጂ እሷም 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። አምራቾቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ይህን አብሩ ይላሉ። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ፋኑ መፍጠን አለበት። ካላበራኸው መሃል ላይ ድርግም ይልብሃል፣ ወይ አምፖሉ ያለ ዕድሜው ይሞታል። ስንቱ ትምህርት ቤት ነው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ መጋዘን የጣለው! ፋኑ ሲፈጥን ይጮሃል። ሳጥን ሥራለት፣ ግን አየር ማስገቢያና ማስወጫ ተውለት።

መብራት እንደሚጠፋ አንተም ታውቃለህ። ባለ አምፖል ከሆነ ስትጨርስ ፋኑ እስኪያቀዘቅዘው መቆየት አለበት። ድንገት ሲጠፋ አምፖሉ እንደጋለ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ) አድርግለት። ፊልሙን ለማስጨረስ ሳይሆን ፋኑን ለማስጨረስ ነው።

ድምፅ ማጉያውን መሃል አታስቀምጥ። ልስን ጉልላት ድምፅን ሰብስቦ መሃል ላይ ነው የሚጥለው። አንዱ ልጅ መሃል ሆኖ ቢያንሾካሹክ ራሱ ደንግጦ ይዘላል። ውጭ አገር ያሉት ጉልላታቸውን በተበሳሳ አሉሚኒየም የሚሠሩት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንተ ማጉያዎቹን ወደ ታች፣ ጠርዙ ጋ አድርግ፣ ምንጣፉም ይረዳሃል።

ሰማዩን የሚሠራልህ ሶፍትዌር ስቴላሪየም ነው፣ ነፃ ነው። ትንበያውን (ፕሮጀክሽን የሚለውን፣ ሰማዩ የሚዘረጋበትን ቅርጽ) የዓሣ ዓይን አድርግ፣ ከዚያ የሉላዊ መስታወት ማጣመሚያውን አብራ። ቦታውን ኮምቦልቻ በል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝቅ ብሎ ሲታይ ተማሪ «ተበላሽቷል» ይልሃል፣ መጽሐፉ ላይ ከፍ ብሎ ስላየው። አልተበላሸም፣ እኛ ያለንበት ኬክሮስ ነው። ጊዜ ካለህ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ዙሪያውን በስልክ ፎቶ አንሥተህ አድማስ አድርገህ አስገባ። እኛ ጦሳን አስገባን። ልጆቹ ከኮከቡ በፊት «ያው የኛ ሰፈር!» ብለው ነው የጮሁት። ኃላፊው ራሱ ቤቱን በጣቱ ሲፈልግ ነበር።

የመጨረሻው፣ የስቴላሪየም ቅንብር ፋይል የመስታወቱን ራዲየስ ይጠይቅሃል። የሱቅ መስታወት ሙሉ ግማሽ ኳስ አይደለም፣ ስለዚህ ስፋቱን ለሁለት ከፍለህ እንዳትጽፍ። ስፋቱን ለካ። ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና እብጠቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለካ። የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዛ፣ የእብጠቱን በራሱ የተባዛ ደምር፣ ለእብጠቱ እጥፍ አካፍል። ለምሳሌ ስፋቱ 60 ሴንቲ፣ እብጠቱ 12 ከሆነ፣ 900 ሲደመር 144፣ ለ24 ሲካፈል 43 ሴንቲ ተኩል ነው። ፋይሉ ላይ በሜትር ከሆነ የሚሞላው 0.435 ብለህ ጻፍ። ካልገጠመልህ የፕሮጀክተሩንና የመስታወቱን ቦታ ለክተህ ከፎቶ ጋር እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ ማታ እገባለሁ።