ክኒኑ ነው ወይስ የተጨመረበት? ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒትና ጡንቻ ህመም የአንባቢዎች ጥያቄና የፋርማሲስት መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከጅማ ከሄርማታ ነው። ጉዳዩ የአባዬ ነው። ዕድሜው 66 ነው፣ አጋሮና ጅማ ሲመላለስ የኖረ የቡና ነጋዴ ነው፣ ስኳርና ግፊት አለበት፣ ካቻምና ደሞ ቀለል ያለ ስትሮክ መቶት ተርፏል። ከዛን ጊዜ ጀምሮ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ማታ ማታ ይወስዳል፣ አንድም ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም። በቅርቡ ጨጓራው ሲያስቸግረው ተመርምሮ ባክቴሪያ አለ ተባለና የ14 ቀን መድኃኒት ተሰጠው፣ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል። ኮርሱን ሳይጨርስ ሁለቱንም ጭኖቼን አመመኝ አለ፣ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ከወንበር ሲነሳ ራሱ በእጁ ካልተደገፈ አይችልም ነበር። ጎረቤታችን ደሞ "ይሄ የኮሌስትሮል ክኒን እኮ ጡንቻ ይበላል፣ እኔ ከጣልኩት ቆየሁ" አሉት፣ እሱም ወዲያው አቆመው። አሁን የጨጓራውን ጨርሷል፣ ህመሙም ለቆታል፣ ግን የኮሌስትሮሉን ሁለተኛ አልነካም ብሏል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው "ያው እሱኑ ነው መልሰው የሚሰጡኝ" ይለኛል። እውነት ጡንቻ ይበላል እንዴ? ምን ብዬ ላሳምነው?

መልስ፦ አባትሽን ይማርልሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት ህመሙ ለቆታል ብለሽ ነገሩን እንዳትተዪው፣ ይሄን ሳምንት ውሰጂውና ኩላሊቱ ይታይ፣ ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይምም ይለካለት። ጡንቻ በብዛት ሲጎዳ ከውስጡ የሚወጣው ነገር በደም ሄዶ የሚያውከው ኩላሊትን ነው። ሲኬው እስካሁን ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ኩላሊቱ ደህና መሆኑን በግምት ማለፍ የለበትም። እግረ መንገዳችሁን የታይሮይድ ምርመራም ጠይቁ፣ ምክንያቱም ታይሮይድ ሲደክም ኮሌስትሮልም ይጨምራል ጡንቻም ያማል፣ ስታቲን (እነ አቶርቫስታቲን ያሉበት የኮሌስትሮል መድኃኒት ቤተሰብ) ሲጨመርበት ደሞ ይብሳል፣ ይሄ ሳይታወቅ ስንቱ ክኒኑን ብቻ ሲረግም ይኖራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መልሱን ግማሹን ራስሽ ጽፈሽዋል። አባትሽ ከካቻምና ጀምሮ ይቺን ክኒን ሲውጥ ምንም አላለም፣ ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው የጨጓራው መድኃኒት ነው፣ ከሦስቱ ደሞ እኔ የምጠረጥረው ክላሪትሮማይሲንን ነው። አቶርቫስታቲን ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት ጉበትና አንጀት ውስጥ ባለ ሳይፕ 3ኤ4 በሚባል ኢንዛይም እየተሰባበረ ነው፣ ክላሪትሮማይሲን ደሞ ይሄንኑ ኢንዛይም ስራ ያስፈታዋል። የሚሰባብረው ሲጠፋ ክኒኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የአቶርቫስታቲን መጠን ከ4 እጥፍ በላይ እንደሚደርስ ተለክቷል። እንግዲህ አስቢው፣ አባትሽ 40 እየዋጠ ሰውነቱ ግን ከ160 በላይ እንደዋጠ ሰው ሆኖ ከርሟል ማለት ነው፣ ለማንም ሰው የሚታዘዘው ከፍተኛው ዶዝ እንኳን 80 ነው! ለዚህ ነው ከክላሪትሮማይሲን ጋር አቶርቫስታቲን ከ20 ሚሊግራም አይለፍ የሚባለው፣ ሲምቫስታቲን ከሆነ ደሞ ጭራሽ አብሮ አይሰጥም። መፍትሄው ከባድ አልነበረም፣ ወይ የጨጓራው ኮርስ እስኪያልቅ ሐኪሙ ስታቲኑን ያስቆመዋል ከዛ ያስቀጥለዋል፣ ወይ ዶዙን ይቀንሳል፣ ወይ ሌላ አንቲባዮቲክ ይመርጣል።

ይሄን ነገር ሳስብ ከልቤ ነው የምናደደው። አንድ ሰው ስኳሩንና ግፊቱን አንድ ቦታ ይታከማል፣ ጨጓራውን ሌላ ክሊኒክ፣ መድኃኒቱን ደሞ ከሌላ ፋርማሲ ይገዛል፣ "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" የምትለዋን ጥያቄ ሁሉም ሌላው ጠይቋታል ብሎ ያልፋታል። ጨጓራ የማያውቀው ቤት ደሞ የት አለ? ስለዚ ይሄ የአባትሽ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ ስታቲን የሚወስድ ሰው ሁሉ ክላሪትሮማይሲን የሚለውን ስም ይያዝ። ሌሎችም አሉ፦ የፈንገስ ክኒኖች እንደ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል፣ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን፣ ጄምፋይብሮዚል የሚባለው ሌላ የቅባት መድኃኒት፣ እንዲሁም ሪቶናቪር ያለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች። ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በዚህ አይስጋ፣ እሱ ከስታቲን ጋር አይጣላም።

"ጡንቻ ይበላል" የሚለው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ይሄን መካድ አልፈልግም። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 ሴሪቫስታቲን የሚባል የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ጡንቻ እያፈረሰ ሰው ስለሞተበት ከገበያ ወጥቷል፣ እዛም ላይ ከጄምፋይብሮዚል ጋር የወሰዱት ናቸው በተለይ የተጎዱት። በ2011 ደሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሲምቫስታቲን 80 ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር አድርጓል፣ ምክንያቱ ያው ጡንቻ ነው። ሆኖም ዛሬ በስራ ላይ ባሉት ስታቲኖች ያ ከባዱ፣ ራብዶማዮላይሲስ የሚባለው የጡንቻ መፍረስ፣ ከ10,000 ተጠቃሚ በዓመት አንድ ሰው እንኳን አይሞላም።

ተራው ህመምስ? በ2022 ላንሴት የተባለው የህክምና መጽሔት ላይ ከ120,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው ታይተው ነበር፣ ስታቲን ከወሰዱት 27.1 በመቶው ጡንቻዬን አመመኝ ብለዋል፣ ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደሞ 26.6 በመቶው። ልዩነቷን አየሻት? አለች፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ግን ሰፈር ውስጥ እንደሚወራው አይደለም። ስታቲን የሚታዘዘው ወገብና ጉልበት በራሱ ማመም በሚጀምርበት ዕድሜ ስለሆነ ሁሉም ህመም ክኒኑ ላይ ይለጠፋል። ሌላም አለ። እንግሊዝ ሀገር በ2020 የወጣ ሳምሶን የሚባል ጥናት አለ፣ የጎንዮሽ ችግር ተሰማን ብለው ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር ባዶ ክኒን፣ አንድ ወር ምንም ሳይውጡ እያፈራረቁ ተከታተሏቸው። ምንም ባልዋጡበት ወር ህመሙ ትንሽ ነበር፣ ባዶውን ክኒን ሲውጡ ግን ስታቲኑን ሲውጡ ከሚያማቸው 90 በመቶው ያህል አመማቸው። ህመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፣ በእውነት ነው ያመማቸው፣ በአብዛኛው ያመጣው ግን ክኒን መዋጡና ስጋቱ እንጂ ውስጡ ያለው መድኃኒት አልነበረም። የጎረቤታችሁ ዓይነቱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ እሳቸውም ዝም ብለው ከሚጥሉት ቢታዩ ነው የሚሻለው።

የአባትሽ ግን የስጋት ነገር አይመስለኝም፣ ምልክቶቹ ልክ ናቸው። የስታቲን የጡንቻ ህመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ነው፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ባት፣ ትከሻ አካባቢ፣ የሚመጣውም ክኒኑ በተጀመረ ሳምንታትና ወራት ውስጥ ወይ ዶዝ ሲጨመር ወይ እንዲህ ሌላ መድኃኒት ሲገባበት ነው፣ ከህመሙ በላይ ደሞ የሚያሳስበው ከወንበር መነሳት ማቃቱ ነው። አንድ ጉልበት ብቻ ማመም፣ መገጣጠሚያ ማበጥ፣ እግር ላይ መደንዘዝና ማቃጠል ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ደሞ ነርቩም ይመርመር። ሽንት ጠቁሮ እንደ ሻይ ወይ እንደ ኮካ ከመሰለ፣ ከድካምና ከህመም ጋር ከሆነ፣ ክኒኑን አቁሞ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ክኒኑ ከቆመ ሳምንታት አልፈውም ድካሙ የሚብስበት ሰው ካለ ደሞ ሰውነት የራሱን ጡንቻ የሚያጠቃበት በጣም ብርቅ የሆነ ዓይነት ስላለ እሱም ስፔሻሊስት ይፈልጋል።

እሺ ምን ብለሽ ታሳምኚው? "ጡንቻህን አላመመህም" አትበይው፣ አሞታል። "አባዬ ክኒኗን ይሄን ያህል ጊዜ ስትወስድ ምንም አላለችህም፣ ያመመህ የጨጓራው ሲጨመርባት ነው" በይው፣ ነጋዴ ሰው ነው፣ ሂሳቡ ይገባዋል። "እሱኑ ነው የሚሰጡኝ" ለሚለውም መልስ አለ፣ ሐኪሙ ብዙ ምርጫ አለው፦ ምርመራው ደህና ከሆነ አቶርቫስታቲንን በትንሽ ዶዝ መልሶ ሊጀምርለት ይችላል፣ ወይ ወደ ሮሱቫስታቲን ሊቀይርለት ይችላል፣ ሮሱቫስታቲን በዛ ኢንዛይም ላይ ብዙ አይደገፍም። ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ስለሚቆዩ አንዳንዱ ሰው ቀን እየዘለለ ይወስዳቸዋል፣ እምቢ ካለ ደሞ ኢዜቲማይብ የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ። ስትሮክ የመታው ሰው ያለ ምንም መቀመጥ የለበትም። መጥፎው ኮሌስትሮል በየ40 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲወርድ የሃርት አታክና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ክኒኑ ሲቆም ደሞ ኮሌስትሮሉ በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ምንም ሳያመው ነው የሚመለሰው፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው፣ የምኖረው ጅሬን ነው። ኮሌስትሮል መጠነኛ ጨምሯል ተብያለሁ፣ መድኃኒት አልጀመርኩም። አንድ ዘመዴ ቡና ነው የሚያመጣው አቁም ይለኛል። ጅማ ተወልጄ ቡና ልተው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዘመድዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ፊልተር ያለፈ ቡና ላይ ወረቀቱ አብዛኛውን ይይዘዋል፣ ተፈልቶ ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ላይ ግን ይቀራል፣ ጀበና ደሞ ማፍላት ነው። ስለዚ ጉዳዩ ብዛቱ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት አቦል ቶና በረካ እያሉ የሚጠጡ ከሆነ ይቀንሱ፣ ጀበናው በደንብ ይስከን፣ አተላው ጋ ሲደርሱ ይተዉት። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል በወረቀት የተጣራ ብቻ ጠጥተው ኮሌስትሮልዎን መልሰው ይለኩት፣ ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል።

ግን ቡናውን ከመወንጀል በፊት ቅቤውን ይዩ። ቡና ቀላ (በቅቤ የሚጠበሰውን ቡና) ከወደዱ፣ ምግቡ ላይም ቅቤ ከበዛ፣ እሱ ከሲኒው በላይ ያስጨንቀኛል። መድኃኒት መጀመር ያለብዎት መሆኑን የሚወስነው ደሞ የኮሌስትሮል ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራም አብረው ይታያሉ። አንድ ቀን ስታቲን ቢጀምሩም ቡና ጡንቻ ላይ ችግር አይጨምርብዎትም፣ በዛ በኩል ይረጋጉ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። እናቴ ሲምቫስታቲን 40 ማታ፣ አምሎዲፒን 10 ደሞ ጠዋት ትወስዳለች። ረመዳን ላይ ሰዓቱን እንዴት ታድርገው? ከቆጪ።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ሰዓቱ ቀላል ነው፣ ጉበት ኮሌስትሮል በብዛት የሚሰራው ማታ ስለሆነና ሲምቫስታቲን ደሞ ቶሎ የሚያልቅ መድኃኒት ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ወይ ስትተኛ ትውሰደው። አምሎዲፒኑን ሱሁር ላይ ማድረግ ትችላለች። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውሃ በደንብ ትጠጣ።

እኔን የያዘኝ ሰዓቱ ሳይሆን ዶዙ ነው። ከአምሎዲፒን ጋር ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ አምሎዲፒንም ደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው። አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ማድረጓ አያድናትም፣ አምሎዲፒን ከአንድ ቀን በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። እስካሁን ካላመማት አትደንግጡ፣ በራሳችሁም እንዳትቆርጡት፣ ግን ረመዳን እስኪገባ አትጠብቁ፣ የሁለቱንም መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ያዘዘላት ሐኪም ጋ ሂዱና "አብረው በዚህ መጠን ይሄዳሉ ወይ?" በሉት። ዶዙን ሊቀንሰው ወይ ወደ አቶርቫስታቲን ሊቀይርላት ይችላል፣ እሱ ከአምሎዲፒን ጋር ይሄ ገደብ የለበትም፣ ኢፍጣር ላይም ሱሁር ላይም በፈለገችው ሰዓት ትወስደዋለች።