ሲሙሌሽን ላይ ያለፈው ፊልተር ቦርድ ላይ ለምን ሲግናል ይበላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በቮልቴጅ ከ0.8 እስከ 1.2 ጊጋኸርዝ የሚስተካከል፣ ባለ ሁለት ሬዞናተር ፊልተር በኤፍአር4 (በተለመደው የፋይበርግላስ) ቦርድ ላይ ሠርተሃል። ሲሙሌሽኑ 1.5 ዲቢ ኪሳራ ብቻ አሳየህ፤ ስትለካው 7 ሆነ። «ብየዳዬ ይሆን?» ብለሃል። ብየዳህ አይመስለኝም። እኔም እዚሁ ጋ ተይዤ ሁለት ወር ስለፈጀሁ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ይህን ሞክር። ፊልተሩን ኔትወርክ አናላይዘር (በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ሲግናል እንደሚያልፍ የሚያሳይ መለኪያ) ላይ ሰካና የቫራክተሩን (ካፓሲታንሱ በቮልቴጅ የሚለዋወጥ፣ ፊልተሩን የሚያስተካክለው ዳዮድ) ቮልቴጅ ከ1 ቮልት ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፊልተሩ ጉብታ ወደ ቀኝ ሲሄድ አብሮ ከፍ ከፍ እያለ ከመጣ፣ ሲግናልህን የሚበላው በአብዛኛው ቫራክተሩ ነው። የእኔ 2 ቮልት ላይ ድፍጥጥ ብሎ ተኝቶ፣ 15 ቮልት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

ቫራክተር ንጹህ ካፓሲተር አይደለም፤ ውስጡ ትንሽ ሬዚስታንስ አለ። ቮልቴጁ ሲቀንስ ካፓሲታንሱ ያድጋል፣ ኪው (ሪአክታንሱ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል፤ ትልቅ ሲሆን ኪሳራው ትንሽ ነው) ይወርዳል። እስቲ እናስላው። 2 ፒኮፋራድ በ1 ጊጋኸርዝ ሪአክታንሱ 80 ኦም ገደማ ነው። ውስጡ 1 ኦም ካለ ኪው 80 ሆነ ማለት ነው። በዚህ ኪው፣ 50 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ (የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ያለው ባለ ሁለት ሬዞናተር ባተርወርዝ (ጉብታው ጫፉ ላይ ለጥ ያለ ዓይነት) ፊልተር 3 ዲቢ ያህል ያጣል። ኪው 200 ቢሆን ግን 1.2 ብቻ። ባንድዊድዙን እጥፍ ብታደርገው ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ሲሙሌሽንህ ውስጥ ያስገባኸው ንጹህ ካፓሲተር ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ሊነግርህ አይችልም።

ኤፍአር4ም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሎስ ታንጀንቱ (ቦርዱ ራሱ ምን ያህል ሲግናል እንደሚያባክን የሚያሳየው ቁጥር) 0.02 አካባቢ ነው። የመስመርህ ፊልድ በሙሉ እሱ ውስጥ ቢሆን ኪው 50 ላይ ይቆማል። ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የተሠራው የሮጀርስ 4003ሲ ቦርድ ግን 0.0027 ነው። እኔ ዳዮዱን ሳልነካ ቦርዱን ብቻ ቀይሬ ከ8 ዲቢ ወደ 5 ወርዶልኛል። ዋጋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ለዚህ ሥራ ኤፍአር4 ላይ መድከም ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ ግራውንድ የሚወርደውንም ቀዳዳ እይ። በ1.6 ሚሊሜትር ቦርድ ላይ አንድ ባለ 0.3 ሚሊሜትር ቀዳዳ 1.3 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው፤ በ1 ጊጋኸርዝ 8 ኦም መሆኑ ነው። ሦስት አራት አድርገህ ደርድረው።

ስታስተካክለው ባንድዊድዙ ይለዋወጣል ላልከው፣ ኮምላይን (አንድ ጫፋቸው ግራውንድ የሆነ፣ ሌላው ጫፋቸው ላይ ካፓሲተር ያለባቸው፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ መስመሮች) ተጠቀም። ሀንተርና ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እንዳሳዩት፣ የመስመሩ ኤሌክትሪካዊ ርዝመት በመሃል ፍሪኩዌንሲው ላይ 53 ዲግሪ ያህል ሲሆን ባንድዊድዙ ብዙም አይንቀሳቀስም። ማይክሮስትሪፕ (ቦርድ ላይ የታተመ መስመር) ላይ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚሸሽ ከዚያ ጀምረህ በሲሙሌሽን አስተካክለው።

የአናላይዘሩንም ፓወር ወደ -30 ዲቢኤም አውርድና እንደገና ለካ። ጉብታው ቅርጹን ከቀየረ፣ ሲግናሉ ራሱ ዳዮዱን እያወዛወዘው ነበር ማለት ነው። ያኔ ሁለት ቫራክተር ጀርባ ለጀርባ አድርግ። ቮልቴጁን በ100 ኪሎኦም ብታስገባው ችግር የለውም፤ ዳዮዱ የሚስበው ከረንት ኢምንት ነው።

ዳታሺቱ ላይ የዳዮዱ ሬዚስታንስ በስንት ቮልትና በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደተለካ እይና ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን። አብረን እናሰላዋለን።