በጅማ ጓሮ ቲማቲሙን ለመስከረም፣ ገለባውን ለብስባሽ

እህቴ፣ ሰኔ ላይ የተከልኩት ቲማቲም ሁለት ክረምት ተከታትሎ ቅጠሉ ጠቁሮ ቀረብኝ፣ የቡና ገለባ የነሰነስኩበት ጎመንም ቢጫ ሆነ፣ መድኃኒት ሳልረጭ ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሻል። ጓሮሽም አራት በአምስት ሜትር ነው ብለሻል። እኔ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ከዚያ ብዙም በማይሰፋ ጓሮ ዘጠኝ ዓመት ተክያለሁ፤ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ቲማቲሙን የጎዳው ወሩ ነው። ያ በሽታ የሚራባው ቅጠል ላይ ውኃ ሲያድር ነው። በአውሮፓውያን 1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች ያወደመው ያው በሽታ ነው፤ ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ይይዛል። ጅማ ላይ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ቅጠል ደርቆ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘሩን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በማይመታው ጣሳ ውስጥ አፍዪው፤ ችግኙን መስከረም ማለቂያ ላይ ወደ መደብ አዛውሪው። የእኔ ለገና ሰሞን ይቀላል። በእንጨት ደግፊው፣ መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ቁረጪ፣ ውኃውን ጠዋት ከሥሩ እንጂ ከላይ አታፍስሺ። ዘንድሮ ቲማቲም በነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ድንችም ቃሪያም አትትከዪ፤ ቦሎቄ ዝሪበት፣ አፈሩንም ያለማልሻል።

አሁን ወደ ገለባው። የከተማችን ትልቁ ሀብት እሱ ነው፤ ቡና መቀሸሪያዎች ደጅ ተከምሮ ሳየው ሁልጊዜ ያስቆጨኛል። ግን ጥሬውን አፈር ውስጥ ስትጨምሪው፣ ገለባውን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ናይትሮጂኑን ከጎመኑ ቀድመው ይወስዱታል። ጎመኑ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው። በላዩ ላይ በገለባው ውስጥ የቀረው ካፌይን ለጋ ሥርና የሚበቅል ዘር ይጎዳል። መፍትሔው ከምሮ ወደ ብስባሽ ማብሰል ነው፦ ሦስት እጅ ገለባ፣ አንድ እጅ እበት፣ ከአረም ከተነቀለው እርጥብ ቅጠል የተገኘውን ያህል፣ በንብርብር። ጉድጓድ አትቆፍሪ፤ በክረምት ውኃ ይሞላና ይሸታል። መሬት ላይ ከምሪው፣ በኮባ ቅጠል ወይም በላስቲክ ሸፍኚው፣ በየሦስት ሳምንቱ ገልብጪው። ሦስት አራት ወር ይፈጃል። መብሰሉን የማውቅበት ዘዴ አለኝ፦ አንድ ጣሳ ብስባሽ ወስጄ ፌጦ እዘራበታለሁ። ፌጦ ቶሎ ስለሚበቅል በሳምንት ውስጥ ለምልሞ ከወጣ ደርሷል፤ ከቀጨጨ ወይም ካልወጣ ክምሩን እንደገና እገለብጠዋለሁ። የጀበና አተላውንም እዚያው ክምር ላይ ድፊው።

አፈራችን ቀይ ነው፣ ዝናቡ አጥቦት ኮምጣጣ ሆኗል። የምድጃ አመድ ይረዳል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር በዓመት ሁለት ጭብጥ ይበቃል። ከፍግ ጋር በአንድ ቀን አታቀላቅዪው፣ ጥቅሙ ተንኖ ይጠፋል። ድንች ልትተክዪ ያሰብሽበትም ላይ አትነስንሺ፤ ልጣጩን ያሻክረዋል።

ክረምቱን ለቅጠላቅጠል ተይው፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ባሮ ሽንኩርት። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊና በመካከል ቦይ አውጪ፤ ጅማ ላይ ከድርቀት ይልቅ የቆመ ውኃ ብዙ ሥር ሲገድል አይቻለሁ። ካሮት ዘሩ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል፤ ጥሬ ፍግ ካገኘ ሥሩ ይሰነጠቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። ደረቅ ሣር ከግንዱ አንድ ጣት ርቆ ይነጠፍ። ሃይላንድ ቂጡን ቆርጠሽ፣ ክዳኑን በሚስማር በስተሽ፣ በአፉ ከቲማቲሙ አጠገብ ቅበሪው፤ ውኃው ቀስ እያለ ሥሩ ጋ ይደርሳል። ሳሙና የሌለውን የአትክልት እጣቢ ውኃ ለዚህ አጠራቅሚው።

ጎመን ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ በተመለከተ፣ እባክሽ መርዝ አትርጪ። ዛሬ የተረጨውን ነገ ቀንጥሰን ለልጆቻችን የምናበላው እኛው ነን። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ የልብስ ሳሙና አሟሚና፣ ፀሐይ ሲበርድ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ እርጪ። ከሦስት ቀን በኋላ ድገሚው፣ ስትቀነጥሺም በደንብ እጠቢው። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ይሻላል። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካየሽ አትግደያት፤ ክሽክሹን የምትበላልሽ እሷ ናት።

አሁን ሐምሌ ነውና ገለባውን ዛሬውኑ ከጎመኑ ሥር ጥረጊና ከምሪው። ቢጫ የሆነውን ጎመን በደንብ የበሰበሰ ፍግ ሥሩ ዙሪያ ኮትኩተሽ አልብሺው፣ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ክምሩ የሚደርሰው ኅዳር አካባቢ ስለሆነ ለመስከረሙ ቲማቲም አይጠብቅሽም። ለእሱ ከአሁኑ ከብት ካለው ጎረቤት ሁለት ጆንያ የቆየ ፍግ ጠይቂና ከዝናብ አስጠልለሽ አስቀምጪው።