አዝማሪው ስሜን ከየት አመጣው?

ስምህን ሰው ነግሮታል። «ደሴ ሰርግ ላይ፣ አይቶኝ የማያውቅ አዝማሪ ስሜንና ሥራዬን ጠርቶ ገጠመልኝ፤ ተዘጋጅቶበት ነው ወይስ እውነት?» ላልከው፣ ወሬው ቀድሞ የተለቀመ ነው፤ ግጥሙ ግን እዚያው የተገጠመ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጓደኛህ ጆሮው ላይ ሹክ ብሎታል፣ ወይ ማሲንቆውን ሲቃኝ ስትጠራሩ ሰምቷል።

ፍጥነቱ ግን ማጭበርበር አይደለም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ መጣ፣ ወጣ፣ አጣ እያለ ቤት መምታት ይቀላል። የመጀመሪያውን ስንኝ ሲደጋግም፣ ማሲንቆውን ብቻውን ሲያስጮህ፣ ሁለተኛውን እየፈለገ ነው። አንተ ጨዋታ ይመስልሃል፤ እሱ ጊዜ እየገዛ ነው። አምባሰልን በመሰለ ረጋ ያለ ዜማ ደግሞ ጊዜው ይበልጥ ይሰፋለታል።

ልትፈትነው ከፈለግህ፦
1. ለማንም ሳትናገር ያልተለመደ ቃል ያዝ።
2. ዘፈኑ መሀል ላይ ድንገት ስጠው።
3. ቃሉ ስንኙ መጨረሻ ላይ እንዲገባ ጠይቀው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ሽልማትህን ሳትይዝ አትፈትን። እኔ ኮምቦልቻ ላይ በባዶ ኪሴ «ሶኬት» የሚል ቃል ሰጠሁት። ማሲንቆውን ሁለት ጊዜ ገዘገዘና፦

«ልጁ በረደው ወይ ተነቅሎ ከሶኬት፣
ምነው ተጀቡኖ መጣ በሰው ጃኬት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጃኬቱ እውነትም የወንድሜ ነበር። ለሳምንት ያህል ማን ነገረው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ፤ ለካ እጅጌው ጣቴን ሸፍኖት ኖሯል።